በርሊን የቀረችብን ቀን

ባለፈው ወር የመርከብ ጉዟችንን ኮፐንሃገን ወደብ ላይ አድርሼ ነበር ያቆምኩላችሁ። ያላነበባችሁ ካላችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ዴንማርክ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የአባዬን 70ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለአባዬ፣ ለእማዬ፣ ለእኔና ለሁለቱ ልጆቼ የአንድ ሳምንት የባልቲክ ባሕር ጉዞ ስጦታ ሰጠን። ባለቤቴ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አዲስ አበባ ቀረ። ውኃ እንደሚፈራ ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ጀርመን ነበር። ማታ ከኮፐንሃገን የተነሳው መርከብ ሌሊቱን ተጉዞ ጧት 1 ሰዓት ላይ ቫርነሙንደ ከምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ደረሰ። ስሟን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አትፈሩ፤ እኔም አላውቃትም ነበር። የመርከብ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉት "በርሊን" ብለው ነው፤ ቫርነሙንደ ከጎኑ በትንሹ ተጽፋ ነው የምትገኘው። ችግሩ በርሊን ከዚያ ወደብ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ትርቃለች።

እስቲ አብረን እናስላው። መርከቡ ጧት 1 ሰዓት ገብቶ ማታ 2 ሰዓት ይነሳል። ተሳፋሪ ሁሉ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተጠቃሎ መግባት አለበት። የመውረጃውን ሰልፍ፣ ባቡር መጠበቁን፣ "ቢዘገይስ" ብላችሁ የምትይዙትን ትርፍ ሰዓት ቀንሱ። ከቀረው ላይ ስድስቱን ሰዓት ባቡር ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው የምትጨርሱት። በርሊንን የምታዩት ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ እሱም እየሮጣችሁ፣ ልጅ እየጎተታችሁ። ይህን ሒሳብ በጊዜው ሠርቼው ቢሆን ጥሩ ነበር። አልሠራሁትም። ከወር በፊት በኢንተርኔት አምስት የባቡር ትኬት ቆርጬ ነበር፤ ያውም ርካሹን፣ ለአንድ የተወሰነ ባቡር ብቻ የሚያገለግለውን፣ ብትቀሩ ገንዘቡ የማይመለሰውን። የ16 ዓመቷ ልጄ ደግሞ የምታያቸውን ነገሮች ስልኳ ላይ ዘርዝራ ጨርሳለች፤ የግንቡ ቅሪት፣ የብራንደንቡርግ በር፣ የኔፈርቲቲ ሐውልት።

ቁርስ ላይ አባዬ ሻዩን እያማሰለ "እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ እውላለሁ" አለ።

"እዚህ ምን አለና?" አልኩት።

"ሮስቶክ አለቻ።"

እዚህ ላይ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። አባዬ በ1974 ዓ.ም. በመንግሥት ተልኮ ምሥራቅ ጀርመን መማሩን፣ የተማረባት ከተማም ሮስቶክ እንደምትባል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሲሄድ እኔ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ነበርኩ። ሲመለስ ስድስት ዓመት አልፎኝ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ማለቴ እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል። ቫርነሙንደ ግን የዚያችው የሮስቶክ አንድ ክፍል መሆኗን፣ ወንዟ ባሕር የሚገባበት ደጃፏ መሆኗን ካርታ ላይ እንኳ አላየሁም። አባዬ የጉዞ ፕሮግራሙ እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ልጆቹ በርሊን በርሊን ሲሉ እንዴት ልናገር?" አለኝ በኋላ።

እማዬ ሳታመነታ "እኔም ከእሱ ጋር ነኝ" አለች። "አምስት ዓመት ባሌን ወስዳ ያስቀረችብኝን ከተማ ልያት እንጂ!"

አምስቱ ትኬት እንዲህ ተቃጠለ። ልጄ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አላናገረችኝም።

ከመውረዳችን በፊት ለእናንተ የሚጠቅሙ ሁለት ሦስት ነገሮች ልናገር። ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ሁሉም የሸንገን አገሮች ስለሆኑ በአንድ ቪዛ ትዞሯቸዋላችሁ። መርከቡ እንግሊዝን የሚነካ ከሆነ ግን ለእሷ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ወደ ሸንገን ተመልሶ ለመግባትም የያዛችሁት ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። በመርከቡ በኩል በተገዛ ጉብኝት ሄዳችሁ አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ከሄዳችሁ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ገመዱን ፈትቶ ይሄዳል። እኔ ሁለት የማንቂያ ደወል ስልኬ ላይ ሞልቼ ነው የወረድኩት።

የቫርነሙንደ ባቡር ጣቢያ ከመርከቡ ወርዳችሁ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የእማዬ ጉልበት እንኳ አላማረረም። ወደ ሮስቶክ የሚወስደው የከተማ ባቡር ኤስ 1 ይባላል፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ለየብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት ለቡድን የሚሆን የቀን ትኬት ካለ ማሽኑ ላይ ፈልጉ።

ባቡሩ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ በምሥራቅ ጀርመን ጊዜ ለሠራተኛው የተሠሩ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች መታየት ይጀምራሉ። ሊሽተንሃገን የሚባለው ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት አባዬ ብድግ ሊል ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ምነው?" አለችው እማዬ።

"ስንመለስ" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ሮስቶክ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ከ200 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነው ያላት። በመካከለኛው ዘመን ግን ሃንሳ በሚባለው የነጋዴ ከተሞች ኅብረት ውስጥ ስም ነበራት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1419 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ እኛ ዘንድ ዐፄ ይስሐቅ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። በ1942 የጦርነቱ ቦምብ ብዙውን የከተማዋን ክፍል አቃጥሎታል። ሰባት ማማ ያለው ማዘጋጃ ቤት አሁንም አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል።

ዳቦ ቤት ገባን። አባዬ ጀርመንኛ ከተናገረ ስንት ዓመቱ! መጀመሪያ ቃሉ አፉ ላይ ተያዘበት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደ ድሮ ቧንቧ ተንኮሻኩሾ ወረደ። ሻጭዋን "እዚህ አካባቢ ካውፍሃለ የት ነው?" ሲላት ልጅቷ ሳቀች። ካውፍሃለ በምሥራቅ ጀርመን ጊዜ ሱፐርማርኬት የሚጠራበት ስም ነበር። "አያቴ ናት እንዲህ የምትለው" አለችውና ለልጆቹ አንዳንድ ብስኩት በነጻ ጨመረችላቸው። አባዬ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲያወራ ዋለ። አገሩ ከካርታ ላይ ጠፍቶ ቃሉ እሱ ዘንድ ቀርቷል።

ከዚያ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን። አዎ፣ ሮስቶክ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ከቀይ ጡብ የተሠራ፣ ግዙፍ፣ አሁን የሉተራውያን የሆነ። እኛ የሄድነው ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ እማዬም ጿሚ ናት። "በማርያም ጾም ማርያም ቤት አደረሰችኝ" ብላ ደጃፉን ስትሳለም አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳላት።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳታዩ መውጣት የሌለባችሁ አንድ ነገር አለ። ከመሠዊያው ጀርባ 11 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሰዓት ቆሟል። ሃንስ ዱሪንገር የተባለ ባለሙያ በ1472 የሠራው ሲሆን ዛሬም በዚያው በድሮው ማሽን ይሠራል። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ወሩን፣ የጨረቃዋን መልክ፣ የፋሲካን ቀን ሁሉ ያሳያል። የቀን መቁጠሪያው ክብ ሰሌዳ እስከ 2017 ብቻ ነበር የተሰላው፤ ሲያልቅበት አዲስ ሠርተው ተኩለታል፣ አሁን እስከ 2150 ያደርሳል።

እኩለ ቀን ላይ ከላይ ትንሽ በር ይከፈትና ሐዋርያት ተራ በተራ ወጥተው በክርስቶስ ፊት እየተባረኩ ያልፋሉ፤ በሌላኛው በር ይገባሉ። የመጨረሻው ይሁዳ ነው። እሱ ሲደርስ በሩ ፊቱ ላይ ይዘጋል።

"እሰይ!" አለች እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከጧት ጀምሮ ያኮረፈችው ልጄ መጀመሪያ የሳቀችው እዚህ ላይ ነው።

አባዬ አልሳቀም። ሰዓቱን እንደ ድሮ ጎረቤት ነበር የሚያየው። ከዚያ ለእማዬ እንዲህ አላት፤ "በየሳምንቱ ቅዳሜ እዚህ እመጣ ነበር። ያኔ እኛ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ገባ ከተባልክ በስብሰባ ላይ ትነሳለህ። 'የት ትሄዳለህ?' ሲሉኝ 'ሰዓቱን ላይ ነው' እላቸዋለሁ። ቆሜ አየዋለሁ። በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ፤ እወጣለሁ።"

እማዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከጀርመን ሲመለስ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሎ ስንት ዓመት እንዳስለቀሳት እኔ አውቃለሁ። በመጨረሻ "ፍልሰታንስ ትጾም ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

"እሱንስ አልጾምኩም" አለ። እጇን ይዟት ወጡ።

የዩኒቨርሲቲውን አደባባይ ፈጠን ብለን ነው ያለፍነው፤ ሰንደቅ የሚመስል ረጅም ወሬ የሚነገርበት አይደለም። ሱቁ ብዙ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ፏፏቴ አለ። ለ10 ዓመቱ ልጄ ቃል የገባሁለት የእንፋሎት ባቡር ነበር፤ ከሮስቶክ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ ባት ዶበራን የምትባል ከተማ አለች፤ ከእሷ ተነስቶ በከተማዋ መንገድ መሐል እየጮኸ ሃይሊገንዳም ወደሚባለው የባሕር መዝናኛ የሚሄድ፣ ሞሊ የሚሉት ከ1886 ጀምሮ የሚሠራ ባቡር። ሃይሊገንዳም ራሱ በ1793 የተጀመረ የጀርመን የመጀመሪያው የባሕር መዝናኛ ነው። ለእኛ ሰዓቱ አልበቃንም። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን ከሰዓት በኋላችሁን ለእሱ ስጡ። ልጄ እስከ ዛሬ "ሞሊስ?" ይለኛል።

ስንመለስ ሊሽተንሃገን ላይ ወረድን።

ይህን ቦታ በቱሪስት መጽሐፍ ስለማታገኙት እኔ ልንገራችሁ። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ረጅም የመኖሪያ ፎቅ አለ፤ በጎኑ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ግዙፍ የሱፍ አበቦች አሉበት። ሰዉ "የሱፍ አበባ ቤት" ይለዋል። አባዬ ፊት ለፊቱ ያለው ሣር ላይ ቆመና ወደ ላይ አየ።

"ጓደኛዬ እዚህ ነበር የሚኖረው" አለ።

ጓደኛው ቬትናማዊ ነበር። በዚያ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን በውል ሠራተኛ ታመጣ ነበር፤ ቬትናማውያኑ ወደብ ላይ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፣ ሚስትና ልጅ ይዘው መምጣት አይፈቀድላቸውም። ማታ ማታ ደግሞ ጂንስ ይሰፋሉ፤ ጂንስ በአገሩ ውድ ነበር። አባዬ ያወቀው ሱሪ ሊያሰፋ ሄዶ ነው። "ሁለታችንም ጀርመንኛ በደንብ ስለማንችል በደንብ ተግባባን" ይላል። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ላይ አባዬ የለበሰው ጂንስ የእሱ ስፌት ነው።

አባዬ ቀጠለ። "አንቺ የለበስሽውም።"

የትኛውን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከጀርመን ያመጣልኝ ባለ ማንገቻ የጂንስ ቀሚስ ነበረኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የቀናብኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እሱን ለብሼ ነው። ከሱቅ የተገዛ ነበር የሚመስለኝ። አባዬ ስለ ቁመቴ ምንም አያውቅም፤ ያየኝ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሳለሁ ነው። ሰውዬው ግን እንደኔው ያለች ልጅ አገሩ ትቶ ነበርና "የእኔ አሁን ይሄን ታክላለች" ብሎ፣ እሱም ሳያያት፣ በግምት ቆረጠው። ልክክ ብሎ ነበር የሆነኝ።

አባዬ በ1986 ወደ አገሩ ተመለሰ። ጥቂት ጊዜ ተጻጻፉ። ከዚያ ግንቡ ፈረሰ፣ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ፣ ፋብሪካውም ወደቡም ሰው ይቀንስ ጀመር። ብዙ ቬትናማውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የቀሩም ነበሩ። በነሐሴ 1992 በዚህ ቤት ፊት ለፊት ሰው ተሰበሰበ። ከጎን ባለው መግቢያ የጥገኝነት ጠያቂዎች መቀበያ ነበር። ድንጋይና ጠርሙስ ለቀናት ተወረወረ። ጥገኝነት ጠያቂዎቹ በአውቶቡስ ከተወሰዱ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቬትናማውያኑ ዞረ፤ ፖሊስ ገለል አለ፣ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ነበር። በጣራው በኩል ነው ያመለጡት። የሞተ አልነበረም። ቆሞ የሚያየው፣ የሚያጨበጭበው ግን በሺህ ይቆጠር ነበር።

ያን ምሽት አስታውሳለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሁልጊዜ የጀርመን ድምፅ ራዲዮን አማርኛ ዝግጅት ያዳምጣል፤ ያን ቀን ራዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጅ ወጣና ራት ሳይበላ አመሸ። እማዬ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለው "የማውቀው ሰፈር ነው" ብቻ አላት። ደብዳቤ ጻፈ። መልስ አልመጣም።

"እና እሱ ያኔ እዚህ ውስጥ ነበር?" አለችው ልጄ።

"አላውቅም። ተመልሶም ሊሆን ይችላል።"

ቤቱ አጠገብ ነጭ የእብነ በረድ ምሰሶ አለ፤ ከተማዋ ለነገሩ መታሰቢያ በተለያዩ ቦታዎች ካቆመቻቸው አንዱ ነው። አንድ ቃል ተጽፎበታል። ልጄ በስልኳ ከመተርጎም ይልቅ አያቷን ጠየቀችው። አባዬ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጦ "ሰው ራሱ ዳኛ ራሱ ቀጪ ሲሆን" አላት። ደጋግማ ፎቶ አነሳችው። በርሊን ብትሄድ ግንቡን እንደዚያ ታነሳው ነበር።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ ኑድል የምትሸጥ አንዲት ቬትናማዊት አየን። ወጣት ናት፣ እዚያው ሮስቶክ የተወለደች። አባዬ የጓደኛውን ስም በወረቀት ላይ ጻፈላት፤ የሠራበትን ቦታ፣ ዓመቶቹን። አላወቀችውም። ግን ወረቀቱን በስልኳ አነሳች፤ ከቃጠሎው በኋላ እዚያው 1992 ላይ ቬትናማውያኑ ዲየን ሆንግ የሚባል ማኅበር እንዳቋቋሙ፣ እዚያ የቆዩ ሰዎች ስላሉ እንደምታሳያቸው ነገረችው። ልጄና እሷ ስልክ ተለዋወጡ። ገንዘብ ስንሰጣት የእማዬን አልተቀበለችም። እማዬ የበላችው ባዶ ኑድል በአትክልት ነው፣ ጾም ስለሆነ።

ቫርነሙንደ ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኗል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል አለን። ትንሿ ከተማ ለዚህ ትበቃለች፤ ለእግር እንጂ ለታክሲ አልተሠራችም። ከጣቢያው ድልድዩን ስትሻገሩ የድሮው ወንዝ ቦይ ዳር ላይ ናችሁ፤ ባንድ በኩል የዓሣ ጀልባዎች፣ በሌላው የድሮ የመርከብ አዛዦችና የዓሣ አጥማጆች ቤቶች፣ አሁን ካፌና ሱቅ የሆኑ። ሠዓሊው ኤድቫርድ ሙንክ በ1907 እና 1908 ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ኖሯል። ጀልባዎቹ ላይ የሚሸጠው ዳቦ ውስጥ የገባ ዓሣ፣ ፊሽብሮትሸን፣ የአካባቢው ሳንዱች ነው። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈውን በሽንኩርት ያዙ። ልጄ "ጥሬ ነው!" ብሎ ሲያፈገፍግ አባዬ "ሠርግ ቤት ቁርጥ ስትሻማ የነበርከው አንተ አይደለህም?" አለው። በላ። ግማሹን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አንድ የባሕር ወፍ ከእጁ ላይ ነጥቆ ሄደ። "ወፎቹን አትመግቡ" የሚል ማስታወቂያ አጠገባችን ተለጥፎ ነበር። እማዬ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አሳድራ የተጠበሰ ድንች ይዛ ተቀመጠች።

ከቦዩ ጫፍ በ1897 የተሠራው፣ 37 ሜትር ገደማ የሚረዝም መብራት ቤት አለ፤ እሱን አልፋችሁ ባሕሩ ነው። አሸዋው ነጭና በጣም ሰፊ ነው። አሸዋው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ባለ ጣሪያ የቅርጫት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሽትራንድኮርብ ይሏቸዋል፣ ሁለት ሰው ያስቀምጣሉ፣ ከነፋሱም ከፀሐዩም ይከልላሉ፣ በሰዓት ይከራያሉ። ታሪካቸው ለእማዬ የተጻፈ ይመስላል። በ1882 አንዲት ቁርጥማት የያዛቸው ወይዘሮ፣ ኤልፍሪደ ፎን ማልትሳን፣ ሮስቶክ ውስጥ ቪልሄልም ባርተልማን ወደሚባል ቅርጫት ሠሪ ሄደው "ነፋሱ ሳይነካኝ ባሕር ዳር የምቀመጥበት ነገር ሥራልኝ" አሉት። የመጀመሪያውን ሠራላቸው።

እማዬ ገብታ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገች። "እግዜር ይስጣቸው እኚህ ሴትዮ" አለች። አባዬ አጠገቧ ተቀመጠ። ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ የተቀመጠው እንዲህ ያለ ወንበር ውስጥ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ልጄ ውኃውን በእጁ ቀምሶ "ይሄ ባሕር ጨው የለውም!" ብሎ መጣ። ባልቲክ ጨው የሚያንሰው ባሕር ነው። ቅዝቃዜው ግን አያንስም፤ እግሬን ነክሬ ወጣሁ።

ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ተኩል ምንም አላደረግንም። እዚህ ላይ የማማርራችሁ ነገር የለኝም።

መርከቡ 2 ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ጮሆ ተነሳ። በዚያ ወቅት ገና ብርሃን ነው። የወደቡ ሰው ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ በተሠራው የድንጋይ አጥር ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ከላይ ያለው ተሳፋሪም ይመልሳል። ከበርሊን የተመለሱት ጎረቤቶቻችን እግራቸውን አንስተው ወንበር ላይ ተዘርረዋል። "እንዴት ነበር?" አልኳቸው። "ባቡሩ ጥሩ ነበር" አሉኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስን ሦስት ወር ሊሆነን ነው። ከሮስቶክ የመጣ አንድ መልእክት አለ፤ ሴትየዋ የጓደኛውን ስም ለሁለት ሰዎች እንዳሳየች፣ አንደኛው "አውቀው ይሆናል፣ እጠይቃለሁ" እንዳለ ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልመጣም። አባዬ ከውጭ የሚደወል ቁጥር ሁሉ ያነሳል፤ ሁለት ጊዜ አጭበርባሪ አግኝቶታል። ያለፈው እሑድ እማዬ ከሣጥኗ ሥር የጂንሱን ቀሚስ ፈልጋ አወጣችው፤ አንድ ማንገቻው ተቆርጧል እንጂ ስፌቱ አልተነካም። ልጄ አልጋ ላይ ዘርግታ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስታ ለሴትየዋ ላከችላት።

በሚቀጥለው ወር ታሊን እንገባለን። ምቹ ጫማ ያዙ፤ መንገዱ ድንጋይ ነው።